ትንሽ ሽልማት፥ ትልቅ አክብሮት

በአሜሪካ፥ በቴሌቪዥን የመጀመሪያ ዓመታት ይቀርቡ የነበሩትን የጥያቄ ጨዋታዎች ከጥፋት በተረፈው ፊልም በተመለከትን ጊዜ ናፍቆት ያድርብናል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1950 እስከ 1967 ሲ ቢ ኤስ ከኒው ዮርክ ያስተላልፈው የነበረው «ዋትስ ማይ ላይን» ለዚህ ምስክር ነው።

አራት ጠያቂዎች የእንግዳውን ሥራ ለማወቅ ይመረምራሉ፤ እንግዳውም «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ለእያንዳንዱ «አይደለም» 5 ዶላር ይታሰብለታል፤ ዐሥር ጊዜ ቢል 50 ዶላር ተቀብሎ ይሄዳል። ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን የጨዋታው መሪ ሚስተር ጆን ቻርልስ ዴሊ የእጅ ሠራተኛውንም ዝነኛውንም በአንድ ዐይነት ትሕትና ይቀበሉ ነበር፤ ጠያቂዎቹም እጁን ጨብጠው ያሰናብቱት ነበር።

ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ይተላለፍ ስለ ነበረ፥ ስሕተት ቢደርስ የሚታረምበት ፋታ አልነበረም። ከባዱን ካሜራ የሚገፉት፥ መብራቱንና ድምፁን የሚቈጣጠሩት ሠራተኞች፥ ፊታቸው ሳይታይ የእንግዳውን ክብር ይጠብቁ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፊልም ብዙው ጠፍቷል፤ ትምህርቱ ግን ሊጠፋብን አይገባም። እኛም በየቤታችን እንግዳን «ሥራህ ምንድር ነው?» ብለን ስንጠይቅ፥ መልሱ ምንም ቢሆን አክብሮታችን አይቀንስ።