ሰኔ ድንገተኛ አደጋ አይደለም

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሰኔ አጋማሽ ላይ ወንበርና ጠረጴዛ ከአንድ ነጋዴ በቀጥታ ሲገዛ አይቻለሁ። ደብዳቤው «ካለው አስቸኳይ ሁኔታ አንጻር» ይላል። ምኑ ነው አስቸኳዩ ብዬ ብጠይቅ፣ «በጀቱ ሊመለስ ነዋ!» አሉኝ። ወንበሮቹ ዓመት ሳይሞላቸው እግራቸው ወልቆ መጋዘን ገቡ።

«አስቸኳይ ከተባለ ጨረታ ይቀራል» የሚለው እምነት ከባዶ የተነሳ አይደለም። ለዓመታት የሠራው አዋጅ ቁጥር 649/2001 (በ2016 በአዋጅ 1333 ተተክቷል) ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛትን ፈቅዷል፦ ዕቃውን በቴክኒክ ምክንያት ሌላ ማንም የማያቀርበው ሲሆን፣ መለዋወጫው ካለው መሣሪያ ጋር መግጠም ሲኖርበት፣ አስቀድሞ ያልታየ ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ፣ እንዲሁም መዘግየቱ በሥራው ላይ ከባድ ችግር የሚያመጣ አጣዳፊ ጉዳይ ሲገጥም። ግጭት ብዙ ሰው ያፈናቀለበትን የመተከል ዞን የሚያውቅ ሰው የመጨረሻው ለምን እንደተጻፈ አይጠፋውም። ከቀዬው ተፈናቅሎ ሜዳ ላይ ላደረ ሰው ብርድ ልብስ ለመግዛት የጨረታ ሳጥን እስኪከፈት አይጠበቅም።

የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 ግን በየዓመቱ ይመጣል። ይኸው አዋጅ 649 መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ የግዥ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ያስገድድ ነበር። ሐምሌ ላይ የታወቀን ወንበር አሥራ አንድ ወር አስተኝቶ በአሥራ ሁለተኛው መሯሯጥ ስንፍና ነው፤ አንዳንዴም ከስንፍና የባሰ ነገር። በአዋጁ አጣዳፊነቱን የሚወስነው የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ስለነበረ፣ ፊርማው የሱ ነበር፤ የግዥ ኦፊሰሯ ላይ የሚላከክ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚመዘዝ መልስ አለ፦ «ሕዳሴ ግድብስ ያለ ጨረታ አይደል የተሰጠው?» እውነት ነው፤ በ2003 ለጣሊያኑ ኩባንያ ለሳሊኒ የተሰጠው ያለ ውድድር ነው። ነገር ግን የተዋዋለው የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን የልማት ድርጅት ነበር፤ አዋጅ 649 ደግሞ ይገዛ የነበረው በፌዴራል መንግሥት በጀት የሚተዳደሩትን ነው። በበጀት የሚተዳደር የወረዳ ጽሕፈት ቤትም ጉባ ላይ ያለውን ግድብ ጠቅሶ ወንበር መግዛት አይችልም።

የእኛዋ ፓዌ ራሷም (በመተከል ያለች ወረዳ) ያለ ጨረታ የመስጠቱ ታሪክ ልጅ ናት። ጣሊያን በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ 1,900 ቢሊዮን ሊሬ በ18 ወር ውስጥ ለአስቸኳይ ዕርዳታ መደበች፤ በፓዌ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክትም ያለ ጨረታ ለዚያው ለሳሊኒ ተሰጠ። መንደሮቻችን በቁጥር የሚጠሩት፣ ሆስፒታሉም የቆመው በዚያ ዘመን ነው። ስለዚህ «ያለ ጨረታ የተሠራ ሁሉ ሌብነት ነው» የሚለውንም አልቀበልም። ውድድር ቢኖር ምን ያህል ይተርፍ ነበር? ለዚህ ግን መልስ የሚሰጠን የለም፤ የተወዳደረ ዋጋ ስላልነበረ የሚነጻጸርም የለም። ልቤ ዛሬም ሁለት ነው።

የቀሩት የተሳሳቱ እምነቶች ቀላል ናቸው። «የፌዴራሉ አዋጅ ለሁሉም ይሠራል» ይባላል፤ አይሠራም። ፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል የፌዴራል ስለሆነ በፌዴራሉ ሲገዛ፣ ወረዳው በክልሉ አዋጅ ይገዛል። «ሦስት ፕሮፎርማ ከተሰበሰበ ጨረታ ነው»፤ አይደለም፣ መመሪያው በሚያስቀምጠው የገንዘብ ጣሪያ ሥር ብቻ የሚፈቀድ ሌላ ዘዴ ነው። ከጣሪያው በታች ለመዋል ግዥን መቆራረጥም ክልክል ነው። ሃያውን ወንበር አምስት አምስት አድርገው በአራት ቀን የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። ደረሰኞቹ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፤ ኦዲተር ደግሞ መቁጠር ይችላል።