እውነት ወይስ ተረት? ሰማያዊዋ ጥንቸል የማን እጅ ናት?

አምስተርዳም ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ የገባ ሰው፣ በነጭ የግድግዳ ሴራሚክ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተሣለች ጥንቸል ስትዘል ማየቱ አይቀርም። ከአጠገቧ አጋዘን፣ ውሻ፣ አንዳንዴም አንበሳ ይገኛል። ስለነዚህ እንስሳትና ስለ ሠሪዎቻቸው ብዙ ይወራል፤ አንዳንዱ ወሬ ግን የሠሪውን ድካም ይቀማል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ሁሉም የዴልፍት ሥራ ነው።

የዴልፍት ዝና በይበልጥ ሳህንና የአበባ ማስቀመጫ ነበር። የግድግዳ ሴራሚኩ ብዙው የወጣው ከሌሎች ከተሞች ነው፤ ሮተርዳም በዚህ ሙያ ትልቅ ስፍራ ነበራት፣ አምስተርዳም፣ ኡትሬክትና ሃርሊንገንም የየራሳቸው ሠሪዎች ነበሯቸው። አንትወርፕ በ1585 በስፔን ጦር ስትያዝ ወደ ሰሜን ከተሰደዱት መካከል የዚህ ሙያ ሰዎችም ነበሩ። የአንዲት ከተማ ስም ይህን ሁሉ ሕዝብ ሸፍኖታል።

ተረት፦ ፖርሴሊን ነው።

አይደለም፤ እንደ ጀበናችን ሸክላ ነው። ከተማረከ የፖርቱጋል መርከብ የተራገፈ የቻይና ፖርሴሊን በ1604 አምስተርዳም ላይ በጨረታ ሲሸጥ የብዙ ሰው ልብ ተነሣ። የአገሬው ሸክላ ሠሪዎች የቻይናውን አፈር ስላላገኙ ሸክላቸውን በቲን በነጣ ቅብ እየሸፈኑ በኮባልት ሰማያዊ ሣሉበት። አውሮፓ እውነተኛውን ፖርሴሊን በፋብሪካ ማምረት የጀመረችው በ1710 ጀርመን፣ ማይሰን ላይ ነው።

ተረት፦ ሁለት ጥንቸሎች ከተመሳሰሉ ማሽን አትሟቸዋል።

ይህኛው ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል። ሠዓሊው በወረቀት ላይ ያለውን ሥዕል መስመር መስመሩን በመርፌ ይወጋዋል። ወረቀቱን ባልተተኮሰው ነጭ ቅብ ላይ ዘርግቶ የከሰል ዱቄት በያዘች የጨርቅ ከረጢት መታ መታ ያደርገዋል፤ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ነጠብጣብ ይተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእጅ ነው። ደረቁ ቅብ ቀለሙን ወዲያው ስለሚመጥ ማጥፋትና ማረም የለም፤ ብሩሹ ከሳተ ስቷል። ከሰሉ ምድጃ ውስጥ ነድዶ ይጠፋል፣ ሰማያዊው መስመር ይቀራል። ስለዚህ የሁለቱ ጥንቸሎች ቁመና አንድ ቢሆንም ጆሯቸውንና ዓይናቸውን አስተያዩ፤ የብሩሹ ውፍረትና ቅጥነት ይለያያል። አንበሳና ዝሆኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኅትመት ሥዕል የተቀዳ ነው፤ የአንትወርፑ የኅትመት ሥዕል ቀራጺ አድሪያን ኮላርት የእንስሳት ሥዕሎች በዚህ ይታወቃሉ። ዛሬ ለጎብኚ የሚቸረቸረው ርካሽ ዕቃ ግን ብዙው በእርግጥ የታተመ ነው።

ተረት፦ በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ዕቃ የእጅ ሥራ አይባልም።

ሄግ ላይ በ1883 የተቋቋመው የሸክላ ፋብሪካ ሮዘንበርግ ከ1899 ጀምሮ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ፖርሴሊን ይሠራ ነበር፤ በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይም ተደንቆለታል። ዕቃው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የሚወጣ ነው። ወፎቹንና አበቦቹን ግን እንደ ሳሙኤል ስኸሊንክ ያሉ ሠዓሊዎች አንድ በአንድ ሥለዋቸዋል፤ ከዕቃው ሥር የሠዓሊው ምልክት አለ። የሄግ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከነዚህ ብዙ ይዟል።

ተረት፦ ሸክላ ሠሪ ሌሊት ጅብ ይሆናል።

ይህ የእኛው ነው፤ ከሁሉም የከፋው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤል ሴቶች ከአፈር አንበሳና ወፍ እየሠሩ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። ቡዳ ተብለው ተፈሩ፣ ተገለሉ። እውነቱ፣ ርስት የተነፈገ ሕዝብ ወንዱ ብረት ቀጥቅጦ ሴቷ አፈር አቡክታ መኖሯ ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወለቃ ላይ አፈሩን ዛሬ የሚያቦኩት ጎረቤቶቻቸው የነበሩ ሴቶች ናቸው።