ዕጣውን ማን ያወጣል? ብሎክቼይንን በራስ መማር

የብሎክቼይን ፕሮግራሚንግ ያለማቋረጥ የሚሠራ ኢንተርኔት ካልተገኘ አይሞከርም የሚል ወሬ ብዙ ወጣት ከደጃፍ መልሷል። ደብረ ታቦር ላይ ይህ ተራ ሰበብ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ሆኖም ጀማሪ ከሚማረው ውስጥ የሚበዛው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ምንም ኔትወርክ ይሠራል። ለመጀመር፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አውርዶ መጫን ይበቃል።

መነሻው ሃሽ ነው። ሃሽ የትኛውንም ጽሑፍ ወይም ፋይል ተቀብሎ ርዝመቱ የማይለወጥ ቁጥር የሚመልስ ስሌት ነው። በሰፊው የሚሠራበት ሻ-256 አንድ ቃልም ስጡት ሙሉ መጽሐፍ፣ መልሱ ምንጊዜም 256 ቢት ነው። መልሱን ይዞ ወደ ጽሑፉ መመለስ በተግባር አይቻልም። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ብትነካ ደግሞ ከመልሱ ግማሽ ያህሉ ቢት ይገለበጣል።

እዚህ ላይ የውጭ አገር መማሪያዎች የማይነግሩን ጉድ አለ። «ፀሐይ» ብላችሁ ሃሹን አውጡ፤ ቀጥሎ «ጸሐይ» ብላችሁ ድገሙት። ለእኛ ሁለቱም አንድ ስም ናቸው። በዩኒኮድ ግን «ፀ» እና «ጸ» የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ስሙ ዘጠኝ ባይት ይሆናል፤ ከዘጠኙ የሚለያዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሚወጡት ሃሾች ግን ዝምድና ያላቸው አይመስሉም። በአንዱ ሰነድ በጸሎቱ «ጸ»፣ በሌላው በፀሐዩ «ፀ» ስሟ የተጻፈ ተማሪ፣ ሁለቱ ሰነዶች በሃሽ ሲመሳከሩ ሁለት ሰው ሆና ትቀርባለች። ለአማርኛ የሚሠራ ፕሮግራመር ገና ብሎክ ሳይነካ መጀመሪያ የሚጽፈው ኮድ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚመልስ መሆን አለበት።

ሰንሰለቱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ብሎክ ከራሱ መረጃ ጋር የቀደመውን ብሎክ ሃሽ ይይዛል። በፓይተን ከአንድ ገጽ ባነሰ ኮድ ይጻፋል። ሦስተኛውን ብሎክ ነካ አድርጉና ፈትሹት፤ ከአራተኛው ጀምሮ ያለው ሁሉ ይፈርሳል። ሐሳቡ ከቢትኮይን ይቀድማል። ስቱዋርት ሄበርና ስኮት ስቶርኔታ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰነድ መቼ እንደተጻፈ ማረጋገጫ አድርገው አቅርበውታል፤ ከ1995 ጀምሮም ኩባንያቸው የየሳምንቱን ሃሽ በኒው ዮርክ ታይምስ ማስታወቂያ ዓምድ ያሳትም ነበር። የቢትኮይንን ሐሳብ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የጻፈው ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 የጨመረው፣ አለቃ በሌለበት ቀጣዩን ብሎክ ማን ይጻፍ ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፦ በብሎኩ ውስጥ አንድ ቁጥር እየቀያየረ በዜሮዎች የሚጀምር ሃሽ ቀድሞ ያገኘ ይጽፋል።

ይህንንም ላፕቶፓችሁ ላይ ሞክሩት። በአስራ ስድስትዮሽ አጻጻፍ በአራት ዜሮ የሚጀምር ሃሽ ለማግኘት በአማካይ 65,536 ሙከራ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ወዲያው ይጨርሰዋል። ስድስት ዜሮ ስትሉት ሙከራው ከ16 ሚሊዮን ያልፋል፤ ማራገቢያው መጮህ ይጀምራል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማዕድን አውጪዎች የሚሸጠው ኃይል የሚያልቀው በዚሁ ግመታ ነው፤ እነዚያ ማሽኖች ሌላ ጥበብ የላቸውም።

አገራችን ከዚህ ቴክኖሎጂ ጋር የተዋወቀችው በትልቅ ንግግር ነበር። ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የሠራው ኩባንያ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለሴቶች ብቻ የሃስኬል ፕሮግራሚንግ ሥልጠና ሰጠ፤ የመጡት ከኢትዮጵያና ከዩጋንዳ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎች የትምህርት መረጃ በብሎክቼይን እንደሚያዝ ይፋ አደረገ። ዛሬ በየባንኩ የምንጠየቀው የፋይዳ መታወቂያ ግን ሞዚፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው፤ ብሎክቼይን አይደለም። እኔ በዚህ አልከፋም። ዲግሪ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ከሆነና ዩኒቨርሲቲውን የምናምነው ከሆነ፣ የዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ፊርማ ይበቃል። ብሎክቼይን የሚያስፈልገው መዝገቡን የሚይዘው አካል ራሱ በማይታመንበት ቦታ ነው። ይህን መለየት ከኮዱ እኩል ትምህርት ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕቁብ አለ። ኢቴሪየም የተባለው ብሎክቼይን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ሥራ ሲጀምር ይዞ የመጣው፣ እንደ ዕቁብ ያለ ስምምነትን በኮድ ጽፎ ሰንሰለቱ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ቋንቋው ሶሊዲቲ ይባላል። ፋውንድሪ የተባለውን መሣሪያ አንዴ ካወረዳችሁ፣ አንቪል የተባለው ክፍሉ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ሙሉ ሰንሰለት ያስነሣል፤ እያንዳንዳቸው 10,000 የውሸት ኢቴር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ያላቸው አሥር ሒሳቦችም ይሰጣችኋል። እውነተኛ ገንዘብ አትንኩ፤ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በምናባዊ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ለትምህርቱም አያስፈልግም።

አሥሩን ሒሳብ አሥር ዕቁብተኛ አድርጓቸው። መዋጮ መቀበልና መመዝገብ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ችግሩ ሲከፈል ይጀምራል። ኮዱ መጀመሪያ ብሩን ልኮ ቀጥሎ «ወስዷል» ብሎ ከመዘገበ፣ ተቀባዩ ራሱ ኮድ ከሆነ ገንዘቡ እንደደረሰው፣ ገና ሳይመዘገብበት፣ ተመልሶ ክፈለኝ ማለት ይችላል፤ ደግሞም፣ ደግሞም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ዳኦ ከተባለው የጋራ ካዝና 3.6 ሚሊዮን ኢቴር የወጣው በዚህ ቀዳዳ ነው። መድኃኒቱ ሁለት መስመር ማቀያየር ነው፦ መዝግብ፣ ከዚያ ክፈል። ማንኛውም የዕቁብ ጸሐፊ ሳያስፈርም ብር አይሰጥም።

ዕጣው ይብሳል። በሰንሰለቱ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ያንኑ ስሌት ሠርተው አንድ መልስ ላይ መድረስ አለባቸው፤ ስለዚህ ኮዱ ውስጥ እውነተኛ የዘፈቀደ ቁጥር የለም። ከብሎኩ መረጃ ቢወሰድ ብሎኩን የሚያዘጋጀው ሰው ጣልቃ ሊገባበት ይችላል። የተሻለው ዘዴ እያንዳንዱ አባል የምሥጢር ቁጥሩን ሃሽ አስቀድሞ ማስገባቱ፣ ሁሉም ካስገቡ በኋላ ቁጥሮቹን መግለጣቸውና ድምሩ ዕጣውን መወሰኑ ነው። ብልጥ ግን እዚህም አይታጣም፤ መጨረሻ ላይ የሚገልጠው ሰው ውጤቱን ቀድሞ ያሰላና ካልወጣለት ቁጥሬ ጠፋብኝ ይላል። ስለዚህ ሳይገልጥ የቀረ የሚቀጣበት ማስያዣ ይጨመራል። በሰፈር ዕቁብ ሁሉም እያየ ዕጣው ይወጣና ያበቃል።

በራስ መማር ለደብረ ታቦር አዲስ አይደለም። ከከተማው አጠገብ ባለው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስን መድፎች ያቀለጡት ሚስዮናውያን አብዛኞቹ የመድፍ ሥራ አያውቁም ነበር፤ እየተበላሸባቸው ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ ላይ ደረሱ። እርግጥ እነርሱን የሚያዝዝ ንጉሥ በራሳቸው ላይ ነበር፤ የዛሬው ተማሪ ሲሰለች ላፕቶፑን ይከድናል። ስለዚህ ሦስት ሆኖ መጀመር ይሻላል። ሦስት ላፕቶፕ ኢንተርኔት በሌለው አንድ የዋይፋይ ራውተር ላይ ተገናኝተው ብሎክ ይለዋወጣሉ፤ አንዱን አጥፍታችሁ ሁለቱ ሲቀጥሉ ማየት ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም ብሎክቼይን ባያስተምርም የፕሮግራሚንግ መሠረቱን በነጻ ይሰጣል።

ዕቁባችሁ ሲሠራ የሚቀረው ዋስ ነው። ዕጣ በመጀመሪያው ወር የወጣለት አባል ብሩን ይዞ ቢቀር ኮዱ ቤቱ ሄዶ አያንኳኳም። ሙሉ ማስያዣ ይጠየቅ ብንል፣ ያን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያውኑ ዕቁብ አይገባም ነበር። አንዱ መንገድ ዋሱም የራሱ ቁልፍ እንዲኖረው አድርጎ፣ የባለዕጣውና የዋሱ ፊርማ አንድ ላይ ካልቀረበ ገንዘቡ እንዳይለቀቅ፣ የቀረ መዋጮም ከዋሱ ድርሻ እንዲቆረጥ መጻፍ ነው። ጥቂት የሶሊዲቲ መስመሮች ናቸው፤ ዋሱ ድርሻውን አስቀድሞ ከወሰደስ የሚለውን ግን እነዚያ መስመሮች አይመልሱትም።