ታኮ የገባለት ተሳቢ

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ በሚወጣው መንገድ ላይ ርቀት የሚቆጠረው በፈረንሳይኛ ነው። «ፒኬ» የኪሎ ሜትር ምልክት ናት፤ 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የበቀለው፣ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ሰፈርም ስሙ ፒኬ 12 ሆኖ ቀረ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የአዳማ ጎሚስታ እንኳ ይህን ስም ያውቀዋል። ከቤት ተደውሎ «የት ደረስክ?» ሲባል፣ ሹፌሩ ፒኬ 12 ነኝ ካለ ሚስቱ ሌላ አትጠይቅም። መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅማ።

ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ እዚያ ያለው ጥላ የመኪናው ሆድ ብቻ ነው። ሹፌሩ ተሳቢው ሥር ፍራሽ ዘርግቶ ይጋደማል። ሻንሲው ጎን ላይ የተበየደው የብረት ሳጥን ሲከፈት ወጥ ቤት ነው፦ አንዲት ቡታጋዝ፣ በሃይላንድ የተቀዳ ዘይት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጥቂት ራስ ሽንኩርት። ረዳቱ ይከትፋል። ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ገብቷል። ታኮ የዳገት ዕቃ ነው፤ እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ከገባ መኪናው በቶሎ እንደማይነሣ ታውቋል ማለት ነው።

ስለ ጅቡቲ መስመር ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የመንገዱ ጉድጓድ ነው፣ ቀጥሎ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ የሹፌሩ ደኅንነት። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን የዚህን ሥራ ወገብ የሚሰብረው መቆሙ ይመስለኛል። ከባድ መኪና ገንዘብ የሚያመጣው ጎማው ሲዞር ብቻ ነው፤ የባንክ ዕዳው ግን ቆሞም ይቆጥራል።

እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ዋና በር አሰብ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ያ በር ተዘጋና የአገሪቱ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዳችን የሚያልፈው በዚችው አገር ነው። ጅቡቲም በዕድሉ ተጠቅማበታለች፤ ከአሮጌው ወደብ አልፋ ዶራሌ ላይ መጀመሪያ የነዳጅ፣ ቀጥሎ የኮንቴይነር፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ሁለገብ ወደብ ከፈተች። መርከቡ ማራገፊያ አጥቶ መንገላታቱ በጣም ቀሏል። ያ ሁሉ የተራገፈ ዕቃ ግን ከወደቡ የሚወጣው በአብዛኛው በመኪና ነው።

በጠረፉ በጋላፊ በኩል ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭነት የያዘ መኪና ምንም ቢያዘግም ሦስት ቀን ይበቃዋል። በወረቀት ላይ እንግዲህ አንድ መኪና በወር አራት ዙር መሥራት አለበት። ሹፌሮች ዘንድ ግን ሁለት ዙር የሞላበት ወር ጥሩ ወር ነው። የቀረው ቀን የት ሄደ? ወደቡ ደጃፍ፣ ጋላፊ ላይ፣ ሚሌ ጉምሩክ፣ ሚዛን ጣቢያ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ። አንዱ ጋ ሰዓታት፣ አንዱ ጋ ቀናት።

የወደቡን ተራ ጥበቃ በቅርብ ያየ ሰው ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ለመጫን ይቸገራል። ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ሲገባ በሺህ የሚቆጠር መኪና በአንድ ጊዜ ይፈለጋል፤ ገበሬው ዘሩን ሊዘራ ነውና ቀልድ የለም። ሌላ ጭነት ለማንሣት የተሰለፈው ወደ ማዳበሪያ እንዲዞር ይታዘዛል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ስንዴ የጫኑ መርከቦች ተደራርበው ሲመጡ እንዲሁ ነበር፤ እህሉ ያለ ጆንያ ስለሚመጣ ወደቡ ላይ በጆንያ እየተሞላ ነው የሚጫነው፣ የጆንያው ሥራ በዘገየ ቁጥር የመኪናው ሰልፍ ይረዝማል። መርከብ ሲጠፋ ደግሞ ያው መኪና ያለ ጭነት ይተኛል። ኮንቴይነር የሚጭነው የወረቀት ጉዳይ አለበት፦ መልቲሞዳል ከሆነ ዕቃው በአንድ ሰነድ ሞጆ ድረስ ይሄዳል፤ ዩኒሞዳል ከሆነ አስመጪው በትራንዚተሩ በኩል እዚሁ ይጨርሳል። የአንዲት ማኅተም መጉደል ሹፌሩን ሦስት ሌሊት ታስተኛዋለች።

ሹፌሩ በዚህ ሁሉ መሀል የሚበላው ከራሱ አበል ነው። አበሉ በብር ነው፣ የሚገዛው በፍራንክ። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ታስሮ ተቀምጧል፤ አንዲት ሳንቲም አልተነቃነቀም። የእኛ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100ን ተሻገረ። መንገድ ዳር ተቀምጠው ገንዘብ የሚመነዝሩት ሴቶች ዘንድ ያለውን ለውጥ ለመረዳት የምጣኔ ሀብት ትምህርት አያስፈልግም፤ የአበሉ ግማሽ ሲቀልጥ በዓይን ይታያል። ያ የብረት ሳጥን ወጥ ቤት የሆነው ለዚህ ነው። ሽሮው ከአዋሽ ወዲያ ተገዝቶ ነው የሚመጣው።

ተራው ደርሶ የተጫነ መኪና ግራንድ ባራ የሚባለውን ገላጣ ሜዳ አቋርጦ ዲኪልን ያልፋል። ከዲኪል ወደ ጋላፊ ያለው ክፍል ለዓመታት በመፈራረሱ የታወቀ ነው፤ አስፋልቱ ከመጥፋቱ የተነሣ ሹፌሮች ትተውት በጎን በአቧራው የሚነዱበት ጊዜ ነበር። ባሌስትራ የሚሰበረው እዚህ ነው፣ ጎማ የሚፈነዳውም። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና 22 ጎማ ይዞ ይሄዳል። ረዳቱ በየማረፊያው ወርዶ እያንዳንዱን በብረት መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል፤ ደኅናው ጎማ ነጥሮ ይመልሳል፣ የተነፈሰው ድፍን ድምፅ ያወጣል። ከዚያ መዳፉን ወደ ቸርኬው ያስጠጋል። ሙቀቱ ፊቱን ካስጠመዘዘው ውሃ ይፈሳል፣ ትንሽ ይቆማል።

ጎማ ሌሊት ይወዳል። ሌሊት አስፋልቱ ይበርዳል፣ ሞተሩም ያርፋል፤ ድሮ ሹፌሮች አፋርን በሌሊት የሚያቋርጡት ለዚህ ነበር። ጸጥታ ግን ቀንን ይፈልጋል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሚሌ ሲጠጋ የአገሪቱ እስትንፋስ በዚች መንገድ ላይ መንጠልጠሉን ሁሉም አይቷል። መተሐራ አካባቢም ሹፌርና ረዳት እየታገቱ ገንዘብ የተጠየቀባቸው ወቅቶች ነበሩ። እናም መኪናው ሲመሽ ይቆማል፤ ሲነጋ ከፀሐዩ ጋር አብሮ ይነሣል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ላይ መሬቱ ሲንቀጠቀጥና አስፋልቱ ሲሰነጠቅ ደግሞ፣ ከሰው ሌላ ምድሩም ራሱ ተጨመረበት።

ባቡሩስ? በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር የመኪና ባለንብረቶች ደንግጠው ነበር። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የኤሌክትሪክ ሐዲድ ኮንቴይነርና ማዳበሪያ በአንዴ ብዙ ያነሣል፣ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን ባቡር ከባለ ሱቁ ደጅ አይቆምም። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሐዲድ የለም፤ የነዳጁ ጭነትም በአብዛኛው በቦቴ ላይ ነው። በደወሌ በኩል እስከ ድሬዳዋ የተሠራው የክፍያ መንገድ ለምሥራቁ ጭነት፣ ከታጁራ በበልሆ የሚመጣው ደግሞ ለሰሜኑ አማራጭ ሆነዋል። ስለ በርበራ፣ ስለ ላሙ በተወራ ቁጥርም ሹፌሮች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ወደቡ አይደለም፤ ማራገፊያው ጋ ስንት ቀን ያስቆማል ነው ጥያቄያቸው።

አብዛኛው መኪና የትልቅ ድርጅት ንብረት አለመሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ቤት አስይዞ፣ ከወንድም ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አንድ መኪና የገዛ፣ ከዚያ በማኅበር ሥር ታቅፎ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው ብዙው። ጎማ በተወደደ ቁጥር ያረጀውን አንድ ዙር ይጨምርበታል፤ አንድ ዙር የተጨመረበት ጎማ ደግሞ ዲኪል ላይ ይፈነዳል። መኪናው አሮጌ ስለሆነ ገቢው ያንሳል፤ ገቢው ስላነሰ አሮጌውን አይለውጥም።

ጭነቱ ሞጆ ከደረሰ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ወደ አገር የሚገባው ዕቃ ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ቡናና ሰሊጥ ያልገጠመው መኪና የሚወርደው ባዶውን ነው። ባዶ ማለት ግን ቀላል ማለት አይደለም። ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅቱ ነው፤ በቀነ ገደቡ ካልተመለሰ ኪራዩ በዶላር ይቆጥራል። ስለዚህ ሹፌሩ ሞጆ ላይ እስኪራገፍ ቆይቶ፣ ባዶውን ቆርቆሮ ይጭንና ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ጅቡቲ ሲደርስ ለርክክብ እንደገና ሰልፍ አለ። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ታኮውን ያስገባል።