ያውቁ ኖሯል? ጭር ያለች ትንሽ ከተማ በልብ ወለድ

በጥሩ ልብ ወለድ ውስጥ ትንሽ ከተማ የታሪኩ መቼት ብቻ አይደለችም፤ ሰውን ይዛ የምታስጨንቅ፣ ራሷን የቻለች ገጸ ባሕርይ ናት። ከአሜሪካ ተነሥተን አዲስ አበባ፣ ጉለሌ እንገባለን።

• ሲንክሌር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው «ሜይን ስትሪት» ውስጥ፣ ካሮል የተባለችው ሙሽራ ጎፈር ፕሬሪን ዳር እስከ ዳር ዞራ ለመጨረስ የፈጀባት 32 ደቂቃ ነው። የቀረው የመጽሐፉ ክፍል በዚያች ጠባብ ከተማ የታጠረች ሴት ትግል ነው።

• ጎፈር ፕሬሪ የተቀዳችው ደራሲው ከተወለደባት ከሶክ ሴንተር፣ ሚኒሶታ ነው። ነዋሪዎቿ መጀመሪያ ተቀየሙት፤ ኋላ ግን ጎዳና ሰየሙለት። እ.ኤ.አ. በ1930 ለመጀመሪያ ጊዜ የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን ለአሜሪካ ያስገኘው እሱ ነው።

• በኢዲዝ ዋርተን «ኢታን ፍሮም» (እ.ኤ.አ. 1911) ሰውን አስሮ የሚያስቀር በረዶና ድህነት ነው። ኢታን ከስታርክፊልድ ለመሄድ ቢመኝም የጉዞ ገንዘብ የለውም፤ ታማሚ ሚስቱንም ጥሎ መሄድ አልሆነለትም።

• አዲስ አበባ የተወለደው ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ልብ ወለዱ ሎረል የምትባል የአሜሪካ ትንሽ ከተማን ሥሏል። ሔለን ከአፍሪካዊው ወዳጇ ጋር ምግብ ቤት ስትገባ፣ ለእሱ ምሳው በወረቀት ሳህን ይቀርብለታል። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም፤ ከተማዋ ፍርዷን በሳህን ተናገረች።

• የእኛዎቹስ? የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የበቀለው በማንኩሳና በዲማ ነው፤ ሁለቱም በጎጃም ካርታ ላይ ያሉ እውነተኛ ቦታዎች ናቸው።

• በዚሁ መጽሐፍ ካሣ ዳምጤን «ጉዱ ካሣ» ያሰኘው እብደት አይደለም፤ የአገሩን ልማድ በአደባባይ መንቀፉ ነው። በትንሽ አገር የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ስም ይወጣለታል፤ ያ ስም እስከ መቃብር ይከተለዋል።

• ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን (1962 ዓ.ም.) ያቆመው በደብረ ሲና አካባቢ ነው። የተማረው ወጣትና ነባሩ ኑሮ ፊት ለፊት የሚገጥሙት በዚያ ደጋ ነው።

• ትንሽ ከተማ በትልቅ ከተማ ውስጥም አለች። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የአዲስ አበባዋን ውቤ በረሃ እንደዚያ አድርጎ ጽፏታል፦ የራሷ ሕግ፣ የራሷ ሌሊት፣ የራሷ ሐዘን ያላት ሰፈር።

• ከጎጃም የሚመጣው መኪና ዓባይን ተሻግሮ፣ ሱሉልታን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ የሚቀበለው ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፍቅረኞች፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ ከዲማ ሸሽተው የተመኟት ከተማ የሰሜን ደጃፍ ይኸው ነው።

• ጉለሌ የራሷ ያልተጻፈ ታሪክ አላት። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሻገረ ይውላል። ቀጨኔ ደግሞ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ናት፤ ጀበናቸውና ምጣዳቸው በየቤቱ ገብቶ ሳለ እነሱ ግን «ቡዳ» እየተባሉ ለዘመናት ተገልለዋል። ቡናውን ከጀበናው እየቀዳ ሠሪዋን ከማዕዱ የሚያርቅ ጎረቤት፣ ለልብ ወለድ ከጎፈር ፕሬሪም ከዲማም የማያንስ ጉዳይ ነው። ይህን የሚጽፈው ደግሞ በዚያው ሰፈር ያደገ፣ ስድቡንም የእጅ ጥበቡንም በቅርብ የሚያውቅ ብዕረኛ ቢሆን ያምራል።