የ12ኛ ክፍል ካርድ ምን ይከፍታል?

ሚዛን ተፈሪ፣ በዛሬ ስሟ ሚዛን አማን፣ ወይም ቴፒ ላይ ልጁ 12ኛ ክፍል የደረሰለት ወላጅ ሁሉ “እንግዲህ ስንት ቢያመጣ ነው የሚያልፈው?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ሁለት ነው። አንዱ ትምህርት ቤቱን ለመጨረስ የሚያስፈልገው ውጤት ነው፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት። ሁለቱ እርስ በርስ የማይተዋወቁ መሆናቸው ብዙ ልጅ ስለሚያስቀር፣ አሠራሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው ካርድ ነው። ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእያንዳንዱ ትምህርት ከመቶ ይታረምለታል። ቴስቱ፣ የቤት ሥራው፣ የቡድን ሥራው ተጠራቅሞ ከማጠቃለያ ፈተናው ጋር ይደመራል፤ የሁለቱ ሴሚስተር ውጤት ለሁለት ተካፍሎ የዓመቱ አማካይ ይወጣል፣ ደረጃውም ካርዱ ላይ ይሰፍራል። አማካዩ 50 የሞላለት ይዛወራል፤ ያልሞላለት ክፍሉን እንዳለ ይደግማል። በባዮሎጂ 85 አምጥቶ በሌሎቹ ወድቆ የቀረ ልጅ ያን 85 ይዞ አይሻገርም፤ ባዮሎጂውንም እንደገና ከምዕራፍ አንድ ይጀምራል።

በክሬዲት የሚሠሩ አገሮች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ ዝቅተኛው 21 ክሬዲት ነው፤ ከእነዚህ አራቱ የእንግሊዝኛ መሆን አለባቸው። 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትም ይጠየቃል። አንድ ትምህርት ያለፈ ተማሪ ክሬዲቱ ባንክ ደብተር ላይ እንደገባ ገንዘብ በስሙ ይቀመጥለታል፤ የወደቀበትን ብቻ ይደግማል። እዚያም የግዛቱ ፈተና አለ፤ ነገር ግን የአራቱን ዓመት ልፋት በአንድ ሳምንት አይሽረውም።

እኛ ዘንድ ሁለተኛው መስፈርት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በአፕቲትዩድ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ይቀመጣል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የመጨረሻዎቹን ሦስት በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይተካል። ስድስቱ ከ600 ይታሰባሉ፤ ግማሹን ያመጣ አልፏል። የአራት ዓመቱ ካርድ እስከ ፈተናው አዳራሽ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ነጥብ አይጨምርም።

ፈተናው ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር ሁኔታው ሁሉ ተለወጠ። ከቤቱ ርቆ አድሮ የማያውቅ የገጠር ልጅ መታወቂያውንና የመፈተኛ ካርዱን ይዞ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ስልክ አይገባም፤ ዶርም ያድራል፤ ካፌ ተሰልፎ ይበላል። ጠዋት በወረቀት የሚፈተን ከሆነ የመልስ መስጫው ይሰጠዋል። ስሙን ይጽፋል፣ የጥያቄ ወረቀቱን ኮድ ያጠቁራል፣ ከዚያ ክብ በክብ በእርሳስ እየሞላ ይወርዳል። አንድ ጥያቄ ዘሎ ክቡን ሳይዘል የቀረ ልጅ ከዚያ በታች ያለው መልሱ ሁሉ በአንድ መስመር ይዛባል። ፈጥኖ ካልነቃ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ሠርቶም ይወድቃል። መምህራን በፈተናው ሰሞን “ቁጥሩን ከክቡ እያመሳከራችሁ” እያሉ የሚወተውቱት ለዚህ ነው።

ፈተናው ወደ ግቢ የገባው በዘፈቀደ አልነበረም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የመግቢያ ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል፤ ከዚያም ወዲህ ኩረጃው ጥቂት አልነበረም። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ የወጣው ውጤት አገሩን አስደነገጠ። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ። መሻሻል አለ፤ ቢሆንም ከአሥሩ ዘጠኙ አሁንም ወደ ኋላ ይቀራሉ። ፈተናው እውነቱን ማውጣቱ መልካም ነው ብዬ አምናለሁ። የማልቀበለው ያ ቁጥር የልጁ ሁለመና ሆኖ መቆጠሩን ነው።

የደቡብ ምዕራቡን ልጅ እንመልከት። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ የቡና ለቀማውም ከዚያ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። በበበቃም ሆነ በቴፒ እርሻዎች፣ በየገበሬውም ጓሮ፣ ቀይ ፍሬ ቀን አይሰጥም፤ ካልተለቀመ ይረግፋል። የዓመቱ ልብስ፣ ደብተርና የአዝመራ ብድር የሚከፈለው ከዚያው ገንዘብ ስለሆነ፣ ልጁ ከወላጁ ጋር ቅርጫት ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ሴሚስተር የሒሳብና የፊዚክስ መሠረት የሚጣልበት ነው፤ ያመለጠው ምዕራፍ ኋላ አይመለስም። ቤቱ ቤንችኛ ወይም ካፍኛ ሲናገር ያደገው ልጅ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ነው የሚያነበው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ የግብርና ትምህርት አለ፤ ስለ ሰብሉ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ እንስሳቱ የሚነገርበት። የቡና አገር ልጅ ከማንም በላይ የሚያበራበት ትምህርት እሱ ነበር። ይሁን እንጂ ግብርና ከስድስቱ የብሔራዊ ፈተና ትምህርቶች ውስጥ የለም። ልጁ የሚያውቀው ነገር ካርዱ ላይ ብቻ ይቀራል።

ፈተናውን ያለፈ ልጅ በ1999 ዓ.ም. ወደተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ቢመደብ ክሬዲት የሚባለውን ነገር ያኔ ያገኘዋል። ኮርሱ ሦስት ክሬዲት አወር ቢሆንና ተማሪው ኤ ቢያመጣ አራት በሦስት ተባዝቶ 12 ነጥብ ይይዛል፤ በአራት ክሬዲት ኮርስ ሲ ቢያመጣ ሁለት በአራት 8 ይሆናል። ድምሩ 20 ለሰባቱ ክሬዲት ሲካፈል 2.86 ነው። ለመመረቅ አጠቃላይ ነጥቡ 2.00 መሙላት አለበት። የወደቀበትን ኮርስ ብቻ ይደግማል፤ ያለፈው ሁሉ ይቆጠርለታል። ከ2015 ወዲህ በመጨረሻ የመውጫ ፈተና አለ፤ እሱም ቢሆን የተማረውን ኮርስ አይሰርዝም። ሚዛን ላይ ባለው የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚማረውም እንዲሁ ሞጁል በሞጁል ነው የሚያልፈው። ልፋት የሚጠራቀምበትን አሠራር ለ20 ዓመት ወጣት ከሰጠን፣ ለ15 ዓመቱ ልጅ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

በመካከል አንድ ድልድይ ተሠርቷል። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት የተሻለ ነጥብ ያላቸው ከ2015 ጀምሮ ለጥቂት ወራት በዩኒቨርሲቲ ሪሚዲያል ይማራሉ። ውጤታቸው 70 በመቶው ከትምህርት ሚኒስቴር ከሚመጣ ፈተና፣ 30 በመቶው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከሚሰጠው ምዘና ነው። ልጁን በየቀኑ የሚያየው መምህር እርማት ዋጋ ያገኘው እዚህ ነው።

ያ 30 በመቶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይውረድ እላለሁ። የሚቃወም ሰው “መምህሩ ለወንድሙ ልጅ ማርክ አይጨምርም ወይ?” ይላል፤ ሥጋቱ ባዶ አይደለም። መቆጣጠሪያው ግን ከእጃችን አልወጣም። አንድ ትምህርት ቤት ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹ በሒሳብ በአማካይ 80 ከሰጠና እነዚያው ልጆች በብሔራዊ ፈተናው 30 ካመጡ፣ ልዩነቱን ብሔራዊ ፈተናውን የሚያዘጋጀው የፈተናዎች አገልግሎት በዚያው ዓመት ያየዋል። የትምህርት ቤቱን ማርክ በልዩነቱ ልክ ዝቅ አድርጎ መያዝ ይቻላል፤ ሳያጋንን ያረመው ትምህርት ቤት ማርክ እንዳለ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ለቀማው ሲያበቃ ክፍል ተመልሶ ከጥር እስከ ሰኔ ያመለጠውን ያካካሰ ልጅ፣ ያ ጥረቱ ነጥብ ሆኖ ይታሰብለታል።