የአየር ጠመንጃ፣ ጥንቸልና የጀማሪ አዳኝ ኃላፊነት

ብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመ ሰው የሚተነፍሰው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሰፈሩ እንደ አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። መንገደኛው ይህን ልብ አይለውም። ለአየር ጠመንጃ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። መሣሪያው ባሩድ የለውም፤ ጥይቱን ከአፈሙዝ ገፍቶ የሚያወጣው አየር ነው፣ ከወጣም በኋላ በመንገዱ ላይ የሚያዘገየው ያው አየር ነው።

በበዓል ሰሞን ፊኛና ማስቲካ ተደርድሮ በሚተኮስበት ጨዋታ እጁን ያሟሸ ወጣት አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ ጥንቸል ማደን ያምረው ይሆናል። በሌሎች አገሮች ብዙ አዳኞች የሚጀምሩት በዚሁ መሣሪያና በዚሁ እንስሳ ስለሆነ ምኞቱ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ከምኞቱ በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ሕጉን አስቀድማለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ነውና።

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይህን በግልጽ ደንግጓል፤ ጥፋቱ በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። ፈቃዱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ በክልሎች ደግሞ ሥልጣኑ የተሰጣቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ። በአገራችን የሚታወቀው ሕጋዊ የስፖርት አደን በአብዛኛው የሚካሄደው እንደ ሙንኤሳና ኦዶ ቡሉ ባሉ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ነው። እዚያ እንደ ደጋ አጋዘን ያሉ ትልልቅ እንስሳት በኮታና በክፍያ፣ በከባድ ጠመንጃ ይታደናሉ። ጥንቸል ትንሽ ናት፣ ማን ይጠይቀኛል የሚለው አስተሳሰብ በሕጉ ፊት አይቆምም። መሣሪያውም የራሱ ጥያቄ አለው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሥራ ላይ ባለበት አገር፣ ባሩድ የለውምና ማንንም አይመለከትም ብሎ የአየር ጠመንጃ ከውጭ ማስገባት ወይም ከሰው እጅ መግዛት ራስን ለክስ ማጋለጥ ነው። ከመግዛት በፊት ፖሊስን መጠየቅ ይገባል።

በእንግሊዝ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ጉልበቱ ከ16 ጁል ገደማ የማይበልጥ የአየር ጠመንጃ ያለ ልዩ ፈቃድ ይያዛል፤ ገዢው ግን 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ የሚያድንበትን መሬት ባለቤት ፈቃድም ማግኘት አለበት። ስኮትላንድ ከዚህ አልፋ ከእ.ኤ.አ. 2016 መጨረሻ ጀምሮ የአየር ጠመንጃ ያለ ምስክር ወረቀት እንዳይያዝ አድርጋለች። ከዚያ ሕግ ጀርባ ያለው እ.ኤ.አ. በ2005 በግላስጎው የደረሰ ሐዘን ነው፤ የሁለት ዓመት ሕፃን በአየር ጠመንጃ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። መጫወቻ የሚመስለው ይህ መሣሪያ ሰው ይገድላል። ቤት ለቤት በተጣበቀበት እንደ ብስራተ ገብርኤል ባለ ሰፈር በግቢ ውስጥ፣ በአጥር ላይ ወይም በዛፍ ላይ ወዳለ ወፍ መተኮስ ፈጽሞ የማይታሰብ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

የእንግሊዙ አዳኝ የሚያድናት ጥንቸልና በእኛ ሜዳ የምትሮጠው ጥንቸል አንድ እንስሳ አይደሉም። የአውሮፓዋ ጥንቸል መነሻዋ የስፔንና የፖርቱጋል ምድር ነው። ጉድጓድ ቆፍራ በማኅበር ትኖራለች፤ ልጆቿን ፀጉር አልባና ዕውር አድርጋ በጉድጓድ ውስጥ ትወልዳለች። በፍጥነት ስለምትራባ በብዙ አገሮች ሰብል አጥፊ ተብላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ለአደን ጨዋታ ተብላ አውስትራሊያ ውስጥ የተለቀቀችው ጥንቸል በጥቂት አሥርት ዓመታት አህጉሩን ወርራለች። በአዲስ አበባ አንዳንድ ቤቶች በሣጥን የሚያረቧቸው ጥንቸሎችም የዚችው ዝርያ ናቸው። በዱር ያለችው የእኛዋ ግን ጉድጓድ አትቆፍርም። ሣር ውስጥ ተኝታ፣ መሬት መስላ፣ ሜዳ ላይ ትውላለች። ግልገሎቿ ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተከፍቶ ይወለዳሉ፤ እናታቸው ጥላቸው ትውልና በአብዛኛው በቀን አንዴ፣ ከጀንበር መጥለቂያ በኋላ መጥታ ታጠባቸዋለች።

በአገራችን ካሉት የዱር ጥንቸሎች መካከል አንዷ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለችም። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ፔቴር እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃት፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው ጀልዱ ከተገኘ ናሙና ተነሥቶ ነው። በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ ላይ ትታያለች፤ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጥ እንደሆነ ለሚገመተው ቀይ ቀበሮና ለንስሮች ምግብ ናት። በዝቅተኛው ምሥራቃዊ ምድር ደግሞ ሌላ ዝርያ አለች። ሣር ውስጥ የተኛችን ጥንቸል ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ የሚያይ ሰው የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች፣ ግልገል ይኑራት አይኑራት አያውቅም። ያለ ጥናትና ያለ ኮታ መግደል የማይገባው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሣር ውስጥ ተደብቀው የሚጠብቋት ግልገሎች ማንም ሳያያቸው በረኃብ ያልቃሉ።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ምን ይደረግባታል? በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ጥንቸል አትበላም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ሰኮናቸው ካልተሰነጠቀ እንስሳት ጋር ተቆጥራለች። መጽሐፉ ታመሰኳለች ያላት በአፏ እንቅስቃሴ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል፤ ሳይንስ ደግሞ ከማመስኳት ጋር የሚቀራረብ ነገር አግኝቷል። ጥንቸል ለስላሳውን የመጀመሪያ ፋንድያዋን መልሳ ትበላለች፣ ሣሩም በሆዷ ሁለት ጊዜ ያልፋል። ለመብላት ካልሆነ፣ በሕግ በተፈቀደ መንገድ ሰብል ለመጠበቅም ካልሆነ፣ ለመተኮስ ብቻ ነፍስ ማጥፋትን እኔ አደን አልለውም።

እንግዲህ ፈቃድ ባለበት፣ ዓላማም ባለበት ቦታ፣ እንስሳዋ ሳትሰቃይ እንድትሞት ምን ያስፈልጋል? እዚህ ላይ ፊዚክሱ ቆፍጠን ያለ መልስ ይሰጣል።

የአየር ጠመንጃ አሮጌ ፈጠራ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኦስትሪያ ጦር ጂራንዶኒ በሚባለው ባለሙያ የተሠራና 20 ያህል ጥይት የሚይዝ የአየር ጠመንጃ ለውጊያ ተጠቅሟል። የዛሬዎቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሞላ አለው፤ ተኳሹ ጠመንጃውን ሰብሮ ሞላውን ይጨምቃል፣ ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደፊት ይወረውረዋል፣ ፒስተኑም ከፊቱ ያለውን አየር ጨፍልቆ ጥይቱን ይገፋል። ዋጋው ቀላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ግን ጥይቱ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ከባዱ ፒስተን ጠመንጃውን ወደፊትና ወደኋላ ስለሚነቀንቀው ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው አየሩን በጋን ውስጥ አስቀድሞ፣ ብዙ ጊዜ እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ይይዛል፤ ሲተኮስ ጥቂቱን ብቻ ይለቃል፣ ስለዚህ ለስላሳ ነው።

በሁለቱም ዘንድ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ከክላሽ የሚወጣ ጥይት 2,000 ጁል ገደማ ጉልበት አለው። በእንግሊዝ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው የአየር ጠመንጃ ከዚያ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። በከባድ ጠመንጃ ደረት ላይ የተመታ እንስሳ የሚወድቀው ጥይቱ ሰፊ የሰውነት ክፍል ስለሚያፈርስ ነው። የአየር ጠመንጃ ጥይት ግን ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይበሳል። ደረቷን የተመታች ጥንቸል ወደ ቁጥቋጦ ሮጣ ትሰወርና ደሟ ቀስ በቀስ ይፈስሳል፤ ሆዷን ከተመታች ደግሞ ስቃይዋ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በቅጽበት ሊገድላት የሚችለው አንጎሏን የሚያገኝ ጥይት ብቻ ነው። ከጎን ሲታይ በዓይንና በጆሮ ሥር መካከል ያለው ቦታ ከአንድ ብር ሳንቲም አይሰፋም። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ማቁሰያ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 5.5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1 ግራም ያህል ክብደት ያለው ጥይት በ16 ጁል ሲተኮስ በሰከንድ 178 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አየሩ ምንም ባያዘገየው እንኳ 30 ሜትር ለመድረስ 0.17 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በዚያች ጊዜ ውስጥም በመሬት ስበት ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። 4.5 ሚሊ ሜትሩ ቀለል ስለሚል በሰከንድ 244 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የሚወርደውም ግማሹን ያህል ነው። ማነጣጠሪያውን ለ30 ሜትር ያስተካከለ ተኳሽ 40 ሜትር ላይ ያለችውን ጥንቸል 30 ላይ ናት ብሎ ቢገምት፣ ትልቁ ጥይት ካለመው ቦታ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። የአንጎሉ ቦታ ስፋት ከ3 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የአሥር ሜትር የግምት ስህተት ንጹሕ ሞትን መንጋጋ ወደ መስበር ይለውጠዋል፤ መንጋጋዋ የተሰበረ ጥንቸል ደግሞ በረኃብ ትሞታለች። ርቀትን በዓይን መገመት የማይችል ሰው ገና ለአደን አልደረሰም።

ድምፁም ይቀድማል። ድምፅ 30 ሜትሩን በ0.09 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ጥይቱ ከዚያ በእጥፍ ገደማ ይዘገያል። ጥንቸሏ ጥይቱ ሳይደርሳት ተኩሱን ትሰማለች፣ ድንጋጤዋም በመቶኛ ሰከንዶች ይቆጠራል። ጆሮዋን አቁማ የነቃችን ወይም የምትራመድን ጥንቸል በአየር ጠመንጃ መተኮስ ስለዚህ ስህተት ነው። ረጋ ብላ ሣር የምትግጥ መሆን አለባት።

ወደ ሰፈራችን አየር እንመለስ። በባሕር ጠለል ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ወደ ደጋ ሲመጣ በዚያው ቦታ አይመታም። አየሩ ስለሳሳ ጥይቱን የሚያዘገየው በጥቂቱ ነው፤ በሞላ የሚሠራው ጠመንጃ ደግሞ የሚጨምቀው አየር ራሱ የሳሳ ስለሆነ ፍጥነቱ ይለዋወጣል። ከውጭ የመጣ ሰው ትናንት በሌላ አገር መትቻለሁ ብሎ መተማመን የለበትም፤ በሚተኩስበት ከፍታ እንደገና ማስተካከል አለበት።

የጀማሪው ትምህርት ቤት እንግዲህ ወረቀት ነው። የአየር ጠመንጃ ኢላማ ተኩስ በ10 ሜትር ርቀት ከእ.ኤ.አ. 1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር ነው፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ነጥብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ የሚሸነፍም የሚያሸንፍም ሰው ማንንም አያቆስልም። ጀማሪው ትንፋሹን ግማሽ ለቆ ማቆየትን፣ ምላጩን ሳይነቀንቅ መሳብን፣ ጥይቱ ከወጣ በኋላም ለአፍታ ሳይንቀሳቀስ መቆየትን እዚህ ይማራል። ይህ የመጨረሻው ነገር በሞላ ጠመንጃ ላይ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ ገና እየተጓዘ ሳለ ጠመንጃው ይንቀጠቀጣልና። ቀጥሎ ተቀምጦ፣ ተንበርክኮና ተደግፎ በ20 ሜትር፣ ከዚያም በ30 ሜትር ይለማመዳል። አሥር ጥይት ተኩሶ አሥሩም የሳንቲሙን ስፋት ካልወጡ ርቀቱ የእሱ ነው። ዘጠኙ ገብተው አንዱ ከወጣ ይቅርብኝ ማለት አለበት።

ከተኮሰም በኋላ ሥራው አላለቀም። አንጎሏን የተመታች ጥንቸል ልትፈራገጥ ትችላለች፤ ያ የአከርካሪ ሕብለ ሠረሰር የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው፣ ሕመም አይደለም። ግን ይህን በግምት መተው አይቻልም። ቀርቦ የዓይኗን ብሌን በቀጭን እንጨት መንካት ነው፤ ዓይኗ ካልተርገበገበ ሞታለች፤ ከተርገበገበ ያለ መዘግየት ሁለተኛ ጥይት ያስፈልጋል። የተመታችና የጠፋች ካለች እስክትገኝ መፈለግ የአዳኙ ግዴታ ነው።

ጥይቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የተለመደው የአየር ጠመንጃ ጥይት ከእርሳስ ነው የሚሠራው፤ እርሳስ መርዝ ነው። በሬሳ ውስጥ የቀረ ስብርባሪ በአሜሪካ ኮንዶር የተባለውን ትልቅ ጥንብ አንሳ ወደ ጥፋት አፋፍ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። በርካታ የጥንብ አንሳ ዝርያዎቿ ለመጥፋት የተቃረቡባት ኢትዮጵያ ይህን ችግር መጨመር የለባትም። ከቆርቆሮ ቅይጥ የሚሠሩ ጥይቶች አሉ፤ ዋጋቸው ይጨምራል፣ ግን ተገቢዎቹ እነሱ ናቸው።

አደን የምትመኙ የብስራተ ገብርኤልም ሆነ የሌላ ሰፈር ወጣቶች፣ በመጀመሪያ ወደ ፖሊስና ወደ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሂዱና ጠይቁ። ፈቃድ እስክታገኙ ድረስ የዱር ጥንቸልን በመነጽር ተመልከቷት፤ ጠመንጃውን ደግሞ ከኋላው ግንብ ወይም የአፈር ቁልል ባለበት፣ በተፈቀደ የኢላማ ሜዳ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ተኩሱበት።